የቡና ማስጫው አምበል

አሁን የሰፈሩ ልጆች በመብራት ሲጫወቱ ቆሜ ሳይ፣ «ጋሼ፣ እናንተም ድሮ ቅርጫት ኳስ ትጫወቱ ነበር አሉ» ይሉኛል። አሉ! ምን «አሉ» አለው? እኔ አዱኛ ፈይሳ የነቀምቴ ቡድን አምበል ነበርኩ፤ በጃንሆይ ጊዜ፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት። ያውም ተከፋይ ተጫዋች። ሳቁ እንጂ! በየወሩ ለያንዳንዳችን ሁለት ኪሎ ቡናና አንድ ኪሎ ስኳር ይሰፈርልን ነበር። ከእኛ በፊት በዚህ አገር ኳስ ተጫውቶ ስኳር የበላ ሰው ካለ ይምጣና ይሞግተኝ።

ከፋያችን ጋሽ ገብረኪዳን ነበሩ። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው በሱቅ የጀመሩ፣ ኋላ ወደ ቡና ንግድ የተሻገሩ፣ ኦሮምኛውን ከእኛ ከተወላጆቹ አሳምረው የሚናገሩ ሰው ናቸው። በበከኒሳ ቀሴ ሰፈር በኩል ትልቅ የሲሚንቶ ቡና ማስጫ አሠርተው ነበር። ያን ጊዜ በከተማው እንደዚያ ልሙጥ የሆነ መሬት አልነበረም፤ ሌላው ሁሉ ቀይ ጭቃ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ቡና ይሰጣበታል፤ ቡናው ሲያልቅ እስከሚቀጥለው ኅዳር ባዶውን ይቀመጣል። ይህን ባዶ ሲሚንቶ መጀመሪያ ያየው ጆቴ ነው።

ጆቴ አናጢ ነበር። ቁመቱ ለጉድ ነው፤ የሠራውን በር ራሱ ጎንበስ ሳይል አይገባበትም። ከዋንዛ ጣውላ ሁለት ቦርድ አበጀ፣ ከበርሜል አፍ ሁለት ቀለበት አወጣ፣ በማስጫው ዳርና ዳር ግንድ ተክሎ ሰቀላቸው። ጋሽ ገብረኪዳን መጥተው አዩና ኮፍያቸውን ገፋ አድርገው፣ «ይሄ ደግሞ ምን ያደርቃል?» አሉ። ስንጫወት ካዩ በኋላ ግን ልባቸው ሄደ። ኳስ ከአዲስ አበባ አስመጡ፣ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ለሁላችንም ማልያ አሰፉ። አምበል ማን ይሁን ሲባል እኔ ተመረጥኩ፤ አስተማሪ ነኛ! የተማረ ሰው እያለ ማን ይመረጣል?

ታዲያ የቡና ማስጫ ነገር፣ ምንም ቢጠረግ ስንጥቁ ውስጥ የምትቀር ፍሬ አትጠፋም። እሷን ከረገጥክ አለቀልህ፤ በጀርባህ ነው የምትተኛው። ስለዚህ እኔ ኳስ ሳነጥር አንገቴን ደፍቼ ወለል ወለሉን ነበር የማየው። ዓይኔ የጆቴ ድምፅ ነበር። ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ ያንን ረጅም እጁን ይዘረጋና «አዱኛ! ናፍ ኬኒ!» ይላል፤ ስጠኝ ማለቱ ነው። እኔም ቀና ሳልል ድምፁ ወደመጣበት እወረውራለሁ፤ እሱ ያገባል። ጨዋታችን ይኸው ነበር፣ ሌላ ጥበብ አናውቅም።

ያም ሆኖ ተሸናፊዎች ነበርን፤ ምን ይደረግ። ጊምቢ ሁለት ጊዜ አሸንፎናል። ደምቢ ዶሎ ድረስ በጭነት መኪና ላይ ተንገላተን ሄደን ተሸንፈን ተመልሰናል። ኧረ በትንሿ ከተማ በኡኬ እንኳ ተሸንፈናል! ያውም አምስተኛው ተጫዋቻቸው ታሞ የአውቶቡስ ረዳት ባሰለፉብን ቀን። የጋሽ ገብረኪዳን ጓደኞች ገበያ ላይ ሲያገኟቸው፣ «ልጆችህን ቡናውን ብታስለቅማቸው አይሻልም?» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። ያ ሁሉ ሽንፈት ግን ያስቀን ነበር እንጂ አላጣላንም። ማታ ማታ ከጨዋታ በኋላ ሲሚንቶው የቀኑን ሙቀት እንደያዘ ይቆያል፤ በጀርባችን ተንጋለን፣ አንዱ የአንዱን ስህተት እየቆጠረ እንሳሳቅ ነበር። አይ ጊዜ!

የተጣላነው በመስቀል ሰሞን ነው፣ የቢላ ከተማ ልጆች እኛ ዘንድ መጥተው በገጠሙን ዕለት።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በአንድ ነጥብ እየመሩን ነው። ኳሱ በእኔ እጅ ነው። ጆቴ ከቅርጫቱ ሥር ብቻውን ቆሟል፤ «አዱኛ! ናፍ ኬኒ!» አለ። እንደገና አለ። ያን ዕለት ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አንገቴን ቀና አደረግኩ። ሰዉ በማስጫው ዙሪያ ተደርድሮ «ጆቴ! ጆቴ!» ይላል። ሰሞኑን ደግሞ ከተማው ውስጥ «የጆቴ ቡድን» የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። ቅናት ነው፣ ምን እደብቃለሁ። አምበሉ እኔ፣ አስተማሪው እኔ፣ ስሙ የሚጠራው የአናጢው! ከዚያ ሩቅ ሆኜ ራሴ ወረወርኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው የተተረተው። ኳሱ የቦርዱን ጠርዝ ገጭቶ አጥሩን አልፎ ሄደ፤ ፊሽካው ተነፋ።

ጋሽ ገብረኪዳን ማስጫው ላይ ወጥተው መጡ። «ምነው አዱኛ? ምነው አላቀበልከውም?» አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«አልጠራኝማ!» አልኩ። «ቢጠራኝ አቀብለው አልነበር?»

ጆቴ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ዞር ስል አየኝ። ይቆጣል፣ ይሳደባል ብዬ ነበር። እሱ ግን ማልያውን አወለቀ፣ አጥፎ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠው፣ መጋዙን ከአጥሩ ላይ አንሥቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልምምድ አልመጣም።

በሳምንቱ ጋሽ ገብረኪዳን ሁላችንንም ሱቃቸው ጠሩን። «ስሙኝ» አሉ፣ «ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጊምቢ ይመጣል። ካሸነፋችሁ ይህ ማስጫ ለዘለዓለም የእናንተ ነው፤ ለቡናዬ ሌላ አሠራለሁ። ከተሸነፋችሁ ግን ግንዱ ይነቀላል፣ መጋዘን እሠራበታለሁ። የሰው መሳቂያ መሆን መሮኛል። ያም አናጢ ሳይኖር ስለማታሸንፉ ታረቁ።» ይኸው ነው። ጆቴን ካልመለስኩ ቡድኑ ይፈርሳል።

እኛ አገር ሰው የሚታረቀው በሽማግሌ ነው። ከሰፈሩ ሾላ ሥር ሁለት ሰዎች ተቀመጡልን፤ የወንጌላውያኑ ምእመናን አለቃ አባ ነገራ፣ ደግሞም የሰፈሩ አዛውንት አባ ጨመዳ። ድንበር አስታርቀዋል፣ ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ ደም እንኳ አድርቀዋል። በኳስ ተጣልቶ የመጣ ሰው ግን አይተው አያውቁም።

«ኳሱ የማን ነው?» ሲሉ ጀመሩ አባ ጨመዳ።

«የጋሽ ገብረኪዳን ነው።»

«በሰው ንብረት ነዋ የምትጣሉት!»

አባ ነገራ ግን ነገሩን ቀስ ብለው ጨመቁት። ማን የት ቆመ፣ ማን ምን አለ፣ አንድ በአንድ ጠየቁ። በመጨረሻ፣ «ጆቴ ጠርቼዋለሁ ይላል፤ አዱኛ አልጠራኝም ይላል። እዚህ ላይ ሁለት እውነት የለም። የድሮ ሰዎች ቢሆኑ ያስምሏችሁ ነበር፤ እኛ አናስምልም። አዱኛ፣ አንተ የእነዚህ ልጆች አለቃ ነህ፣ የልጆቻችንም አስተማሪ ነህ። ቃልህ ይበቃናል። ጠርቶሃል ወይስ አልጠራህም?» አሉኝ።

ምነው ባስማሉኝ! መሐላ ቢሆን እፈራ ነበር። «አልጠራኝም» አልኩ። ውሸት ለሁለተኛ ጊዜ ሲሆን እንዴት ይቀላል መሰላችሁ።

 ጆቴም «እንግዲያው አልጠራሁትም» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ይሁን። ቡድኑ ከሚፈርስ።» ከእግሩ ሥር ሰርዶ ነጨ፤ እንደ ደንቡ ሣሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ያ ሁሉ ቁመት እስከ ጉልበቴ ድረስ ታጥፎ፣ «ኦቦሌሳ ኮ፣ ማረኝ» አለኝ። ወንድሜ ማለቱ ነው።

«ምሬሃለሁ» አልኩት። ይህችን ቃል ባስታወስኳት ቁጥር እስካሁን ፊቴ ይግላል። ምሬሃለሁ! ድንቄም ይቅር ባይ!

እህቴ ድርቤ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበረች፤ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። እርቁንም ቆማ ሰምታለች፤ ያን ዕለት አብረን ወደ ቤት ሄድን። በሩ ላይ ስንደርስ፣ «የቢላ ጨዋታ ለት እኔ አጥሩ ላይ ተቀምጬ ነበር» አለች። «እኔ ከዚያ ሆኜ ሁለት ጊዜ ሲጠራህ ሰምቻለሁ። አንተ እዚያው ማስጫው ላይ ሆነህ አልሰማህም?»

«ድርቤ፣ አፍሽን ዝጊ።»

«እዘጋለሁ፤ እህትህ ነኝ፣ አላዋርድህም። ግን እራት ስንበላ ቀና ብለህ እንዳታየኝ።»

እውነትም ከዚያ ወዲያ ወጡን ብቻ እያየሁ ነበር የምበላው።

ጆቴ ልምምድ ጀመረ። እንደ ድሮው ይሮጣል፣ እንደ ድሮው ይዘላል፣ ሰው ይረዳል። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ ድምፁ። ከቅርጫቱ ሥር ይቆማል፣ እጁን አይዘረጋም፣ አይጠራም። እኔ አንገቴን ደፍቼ አነጥራለሁ፣ የት እንዳለ አላውቅም፣ ኳሱን እነጠቃለሁ። ቀና ካልኩ ደግሞ ቡና እረግጥና እወድቃለሁ። በአንድ ሳምንት ክርኔ ሁሉ ተላላጠ። አንድ ቀን ለብቻው ያዝኩትና፣ «ምነው አትጠራኝም? ታርቀን የለም እንዴ?» አልኩት።

«ታርቀናል» አለ በእርጋታ። «ግን ሽማግሌ ፊት አልጠራሁትም ብያለሁ። እኔ የማልጠራ ሰው ነኝ ማለት ነው። አሁን ብጠራህ ያኔ ዋሽቼ ነበር ሊባል ነው።»

ቂም ይዞ አልነበረም እኮ! ቂም ቢሆን እንዴት በወደድኩ። በተናገረው ቃል ነበር የታሰረው። ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ የሚፈታውም ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ይህን አውቄ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። «አምበል ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ፣ ተማሪዎቼ ምን ይሉኛል» እያልኩ።

ጊምቢዎች መጡ። ቡናው ዛፉ ላይ ቀልቷል፤ ለቀማ ሊጀመር ነው፤ ከተማው ሁሉ ወደ ማስጫው ወጥቷል። አባ ነገራና አባ ጨመዳም «ያስታረቅነውን እንይ» ብለው መጥተው፣ ጋሽ ገብረኪዳን ከሱቃቸው አግዳሚ አስመጥተው ከፊት አስቀመጧቸው። አባ ጨመዳ ጨዋታውን ትንሽ እንዳዩ፣ «ያገባው ሰው ኳሱን ላልቀናው ይሰጣል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። አዎ አልናቸው። «ጥሩ ሕግ ነው፤ የጠገበ ለራበው ይስጥ» አሉና ከዚያ በኋላ ማንም ቢያገባ ያጨበጭቡ ነበር።

እኛ እንደምንም ተያይዘን ዘለቅን። ግማሽ ደቂቃ ሲቀር አርባ ሁለት ለአርባ እየመሩን ነው። በዚያ ጨዋታ ጆቴ ብቻውን ቆሞ ሳላየው ያለፍኩት ስንት ጊዜ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ታፋ የሚባል ከሻምቡ የመጣ ጥብቅ ዳኛ ነበረን፤ የመጨረሻዋን የአንድ ደቂቃ እረፍት ጠየቅኩት፣ ፊሽካ ነፋ።

ልጆቹ ከበቡኝ። አምበል አይደለሁ? ምን እናድርግ ብለው አፍ አፌን ያያሉ። ጆቴ ከዳር ቆሞ ከጣሳው ውኃ ይጠጣል። ሳየው ጣሳውን ለእኔ ዘረጋልኝ። ውኃ ጠምቶኝ እንደሆነ ብሎ! እዚያ ላይ አልቻልኩም። ልጆቹን ጥዬ በቀጥታ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድኩ።

«አባ ነገራ» አልኩ፣ «ዋሽቻችኋለሁ። ጠርቶኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠርቶኛል፣ ሰምቼዋለሁ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ።»

የእኔ ሐሳብ ይህችን ተናግሬ፣ በደቂቃዬ ውስጥ ተመልሼ ልጫወት ነው። ሞኝ! የአገሬን ሽማግሌዎች እያወቅሁ!

«ተቀመጥ» አሉ አባ ነገራ።

«አባ፣ ጨዋታ ላይ ነኝ እኮ፤ ያለኝ አንድ ደቂቃ ነው።»

«ሰው የምትበድለው በአንድ ደቂቃ ነው። የምትክሰው ግን ተቀምጠህ ነው። ተቀመጥ ብያለሁ። ጆቴንም ጥሩት።»

ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። ጆቴም መጣ። ደቂቃው አለቀ። ታፋ ፊሽካውን ነፋ፤ ማንም አልተነሣም። መጥቶ ሰዓቱን እያሳየ ሊናገር ሲል አባ ጨመዳ ቀና አሉና፣ «አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ ሲናገር ፊሽካ ይነፋል? የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ታፋ ፊቱ ቀላ። የጊምቢ ልጆችም ቢሆኑ የወለጋ ልጆች ናቸው፤ ሽማግሌ በተቀመጠበት መሮጥ ነውር መሆኑን ያውቃሉ፤ በያሉበት ቁጭ አሉ።  ጋሽ ገብረኪዳን ብቻ ራሳቸውን ይዘው ወዲያና ወዲህ ይላሉ።

አባ ነገራ ሁሉንም ከአፌ አስወጡ። ለምን እንዳላቀበልኩ ጠየቁኝ፣ «ቀንቼ» አልኩ። ተማሪዎቼ አጥሩ ላይ ተደርድረው ይሰማሉ። ድርቤም ትሰማለች። ወደ ጆቴ ዞረው ደግሞ፣ «አንተም ያላጠፋኸውን አጠፋሁ ብለህ ሽማግሌ አታልለሃል። ይህም ጥፋት ነው» ብለው ገሠጹት። እኔም ሰርዶ ፈለግኩ፤ ሲሚንቶ ላይ ሣር ከየት ይመጣል? ከስንጥቁ ውስጥ አንዲት ቀጭን ነገር በቅላ አገኘሁና ነጨሁ፤ ጎንበስ ብዬ ይዤለት «ማረኝ» አልኩት።

«ካሳህ ምን ይሁን?» አሉት አባ ነገራ።

«ካሳ አልፈልግም። ኳሱን ይስጠኝ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ስጠራው ይስጠኝ።»

ስንነሣ ታፋ ሕጉን አነበበብን፤ ጨዋታ አጓትታችኋል ብሎ ለጊምቢ ሁለት የቅጣት ውርወራ ሰጠ። ልክ ነው፣ አልከሰውም። የመጀመሪያውን አገቡ፤ አርባ ሦስት ለአርባ። ሁለተኛው ቀለበቱን መትቶ ተመለሰና እኔ ያዝኩት። አንገቴን ደፋሁ፣ ወለሉን እያየሁ ማንጠር ጀመርኩ። የሚሰማኝ የኳሱ ድምፅና የገዛ ትንፋሼ ብቻ ነበር። ከዚያ ከወዲያኛው ጫፍ፦

«አዱኛ! ናፍ ኬኒ!»

ከወር በኋላ! ቀና አላልኩም። ድምፁ ወደመጣበት ባለ በሌለ ጉልበቴ ወረወርኩት። የበርሜሉ ቀለበት ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ፣ ሕዝቡ ሲጮህ ሰማሁ፣ ፊሽካውም ያን ጊዜ ተነፋ። አርባ ሦስት ለአርባ ሁለት።

ተሸነፍን። በአንድ ነጥብ፣ እኔ በማጓተቴ በተሰጠች ነጥብ።

ጋሽ ገብረኪዳን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «አዱኛ፣ ግማሽ ደቂቃ መታገሥ አቃተህ? ከጨዋታው በኋላ መናዘዝ አይቻልም ነበር?» አሉኝ። ልጆቹም ይህንኑ አሉኝ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፍገውኛል። አልፈርድባቸውም። ይህን ጥያቄ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ጠይቄዋለሁ። መልሱ ግን ያው ነው፤ ብናሸንፍ ኖሮ አልናገርም ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ። ያሸነፈ አምበል ምን ብሎ ይናዘዛል?

ጋሽ ገብረኪዳን እንዳሉት አደረጉ፤ መጋዘኑ እስከ ቅርብ ጊዜ ቆሞ ነበር። እሳቸውም አለፉ፣ ሽማግሌዎቹም አለፉ፣ ጆቴም ካረፈ ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አንደኛው የዋንዛ ቦርድ ግን አለ። ጆቴ እግር ገጥሞለት ጠረጴዛ አድርጎ ሰጠኝ፤ እኔና ድርቤ እስካሁን እንበላበታለን። የኳሱ ምልክት አሁንም መሐሉ ላይ ይታያል። ድርቤ ጨርቅ ላልብሰው ስትል እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።

ከሁሉ ይልቅ የማይረሳኝ ግን በማግሥቱ የሆነው ነው። ቡናው ሊመጣ ስለሆነ ቦርዶቹን ልናወርድ እኔና ጆቴ ብቻ ሄድን። ሌላው ሁሉ አኩርፏል። ድርቤ ምሳ ቋጥራልን ነበር፤ ስትሰጠኝ ፊት ለፊት አይታኝ፣ «ለሁለት ሰው ነው፤ ብቻህን እንዳትጨርሰው» አለችኝ። ጆቴ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ምስማሩን ይነቅላል፣ እኔ ከታች ሆኜ የቀረችውን ፍሬ በእግሬ እየገፋሁ ባዶውን ማስጫ አያለሁ። ተው አታልቅስ እላለሁ ለራሴ፤ እንባዬ ግን ይወርዳል። እንዳያየኝ ፊቴን አዙሬያለሁ።

«አዱኛ! ናፍ ኬኒ!» አለ ከላይ።

መዶሻውን ነበር የፈለገው። «ሰምቻለሁ!» አልኩ፤ ሮጬ አቀበልኩት።